ብርድ ቁልፍ አይከፍትም

ባለፈው ዓመት መሐል ሜዳ ያለውን ሱቄን ለሌላ ሰው ለቅቄ ቤቴ ገባሁ። ዓይኔ ቀጭን ሽቦ መለየት አቅቶት ነበር፤ ጣቶቼም ጠዋት ጠዋት በብርድ አልታዘዝ ይሉኛል። ከዚያም በላይ ሙያው ራሱ ጥሎኝ ሄደ። የዛሬ መኪና የሚያመውን በኮምፒዩተር ይናገራል፤ ወጣቶቹ ገመድ ሰክተው ስክሪን ያነባሉ። እኔ ዕድሜዬን በጆሮዬና በአንዲት የመፈተሻ አምፖል የሠራሁ የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነኝ።

ሱቁን ያስረከብኩ ዕለት ጎረቤቶቼ ሰብሰብ ብለው ሸኙኝ። ፊት ለፊቴ ብረታ ብረት የሚሸጠው ሰው ብርጭቆውን ይዞ ተነሳና፣ "ደምሴ አለ ካለ አለ ነው፤ የለም ካለ የለም ነው። ቃሉ ሚዛን ነው" ብሎ አመሰገነኝ። ሰው አጨበጨበ። እኔ አንገቴን ደፍቼ መሬት መሬቱን አየሁ። የሞላሌ ሰው በመካከላቸው ቢኖር ኖሮ ምን ይል እንደነበር አውቃለሁ። ይህን የሥራ ዘመን ትዝታዬን ልጻፍ ብዬ የተነሳሁት በዚያች ምስጋና ምክንያት ነው። ሞላሌ ሳትጠቀስ እንድትቀር አልፈለግኩም።

ሙያውን የለመድኩት መርሐቤቴ፣ ዓለም ከተማ፣ ከአውቶቡስ መናኸሪያው አጠገብ በነበረ ጋራዥ ነው። አለቃዬም አስተማሪዬም ጋሽ በላቸው ነበሩ። ቀጠን ያሉ፣ ለነገር የማይቸኩሉ ሰው ናቸው። መኪና ሲመጣላቸው ካቻቢቴ አያነሱም። መጀመሪያ ሾፌሩን ድንጋይ ላይ ያስቀምጡታል።

"በል ንገረኝ፣ መቼ መቼ ነው የሚያምህ?" ይሉታል። ሾፌሩንና መኪናውን ለይተው አይጠሩም ነበር። "ሽቅብ ላይ ነው ቁልቁል? ዝናብ ነበር? ምን ጭነህ ነበር? ስታቆመው በየት በኩል አዘንብሎ ነበር?"

ሾፌሩ ይሰለቻል፤ እሳቸው አይሰለቹም።

አንድ ጊዜ ክላክሱ ሳይነካ የሚጮህ አውቶቡስ መጣ። ጋራዡ ውስጥ ግን ድምፅም የለው። እኔ መሪውን ፈታሁ፣ ጠረግኩ፣ ገጠምኩና "ጨርሻለሁ" አልኩ። ጋሽ በላቸው ወደ ሾፌሩ ዞረው "የት ላይ ነው የሚጮኸው?" አሉት። "ወደ ጀማ ወንዝ ስንወርድ፣ ጠመዝማዛው ላይ" አላቸው። በማግሥቱ ሥራቸውን ትተው እኔን አስከትለው ተሳፈሩ። ከሾፌሩ እግር አጠገብ ወለሉ ላይ ቁጭ ብለው፣ ጆሯቸውን ብረቱ ላይ ደግፈው፣ ተሳፋሪው እየሳቀባቸው ወረዱ። ቁልቁለቱ መሐል ሾፌሩ ፍሬን ሲይዝ ክላክሱ ጮኸ። ያኔውኑ እጃቸውን ሰደዱና ከመሪው ዘንግ ጋር እየተሻሸ የተላጠ አንድ ሽቦ ጎትተው አሳዩኝ።

"ቆሞ የማይታመም ነገር ቆሞ አይገኝም" አሉኝ።

ሌላም ልማድ ነበራቸው። ፈልገው ያጡትን ነገር "የለም" አይሉም፤ "አላገኘሁም" ነው የሚሉት። ባለንብረቱ "እንግዲያው ደህና ነው ማለት ነዋ?" ሲላቸው፣ "አላገኘሁም ነው ያልኩህ፤ ደህና ነው አላልኩህም" ይሉታል። በዚህ ምክንያት ደንበኛ ይሸሻቸው ነበር። እኔም ወጣት ነበርኩና ነገሩን ፍርሃት አድርጌ ነበር የማየው። "የለም" እና "አላገኘሁም" ለእኔ አንድ ነበሩ።

ከዚያ መንዝ ውስጥ በመንገድ ሥራ ካምፕ ተቀጠርኩ። ደመወዙ ደህና ነበር፣ በወሩ መጨረሻም አይጓደልም። የጋራዡ ኃላፊ ጥያቄ ግን ሁልጊዜ አንድ ነበረች፤ "ይሠራል አይሠራም?" መኪና ቆሞ ሥራ አይቆምም፤ እውነቱን ነው። "እስቲ ልየው" ያለ ሰው እንደ ሰነፍ ይቆጠራል። እዚያ ቶሎ መልስ መስጠት ለመድኩ። ቶሎ መመለስ ደግሞ ይጣፍጣል። ሰው ይሰማሃል፣ ራሱን ይነቀንቅልሃል፣ ሌላውን ትቶ ወደ አንተ ይመጣል።

ካምፑ ሲነሳ መሐል ሜዳ ሱቅ ከፈትኩ። ጊዜው በኤሌክትሪክ የሚቆለፍ በር ያላቸው መኪኖች ወደ አገራችን በብዛት መግባት የጀመሩበት ነበር። የሌላቸውም ከአዲስ አበባ እያስገጠሙ ይመጣሉ። የሾፌሩን በር ስትቆልፍ አራቱም "ጠቅ" ብለው ይቆለፋሉ፤ ስትከፍት አራቱም ይከፈታሉ። በየበሩ ሆድ ውስጥ መዳፍ የምታህል ሞተር አለች፤ ዘንጉን የምትስበውና የምትገፋው እሷ ናት።

ይህን ሥራ ወደድኩት። በጆሮ የሚሠራ ነበርና። አራቱም በር ዝም ካለ ፊውዙን ወይም ዋናውን ሽቦ አያለሁ። አንዱ ብቻ ዝም ካለ የራሱ ሞተር ወይም የራሱ ሽቦ ነው። "ጠቅ" የሚለው እንደታመመ ሰው ከደከመ ባትሪው ወይም ከመኪናው አካል ጋር የታሰረው ሽቦ ዝጓል ማለት ነው። የበሩን የውስጥ ሽፋን የምፈታው ካቻቢቴዬን በጨርቅ ጠቅልዬ ነው፤ በመንዝ ብርድ ፕላስቲኩ እንደ ብርጭቆ ይሰበራል። ከግሼ ከቀየት ሳይቀር "የበር ቁልፍ ለደምሴ" እየተባለ ይመጣልኝ ጀመር። ስሜ ወጣ።

ያ ስም ነው ወደ ሞላሌ የወሰደኝ።

ሞላሌ በምትባለው የመንዝ ከተማ የበግ ፀጉር ፈትለው በርኖስና ባና የሚባለውን የሱፍ ብርድ ልብስ የሚያሠሩ ሴቶች ማኅበር ነበራቸው። የዓመት ሥራቸውን ደብረ ብርሃን ለሽያጭ ሊልኩ አቶ ሰይድ ከሚባሉ የቆላ ነጋዴ ደብል ጋቢና ፒክአፕ ተከራዩ። አቶ ሰይድ የተከበሩ፣ በጁምዓም በገበያም ቃላቸው አንድ የሆነ ሰው ናቸው። ሾፌራቸው ጌታነህ የሞላሌ ልጅ ነው። ዕቃውን ማታ ጋቢናው ውስጥ ጭነው፣ ጌታነህ ጠዋት ሊነሳ መኪናውን ደጁ ላይ አቆመ። ጎህ ሲቀድ ቤተ ክርስቲያን ተሳልሞ ሲመለስ ጋቢናው ባዶ ነበር። መስታወት አልተሰበረም። ቁልፉም አልተነካም። ጌታነህ "ቆልፌዋለሁ፣ እጀታውንም ስቤ አይቻለሁ" አለ። ሰው "እንግዲያው ማን ከፈተው? ቁልፉ ያለው አንተ ኪስ ነው" አለው።

አቶ ሰይድ መሐል ሜዳ ድረስ መጡ።

"ደምሴ፣ ይህን ልጅ አምነዋለሁ" አሉኝ። "ግን እኔ ስላመንኩት ብቻ ሴቶቹ የዓመት ልፋታቸውን ይርሱት ማለት አልችልም። ጉዳዩን የያዙት ሽማግሌዎች ባለሙያ ይይልን ብለዋል። መጥተህ ያየኸውን ተናገር።"

የሄድኩት በገበያ ቀን ነው። መኪናው በማኅበሩ ግቢ ቆሟል፤ ሽማግሌዎቹ አግዳሚ ላይ ተቀምጠዋል፤ ሴቶቹ አጥሩን ይዘው ቆመዋል። እኩለ ቀን ነበር፤ ፀሐዩ ያቃጥላል። ሁሉም እንዲያይ ብዬ የሾፌሩን በር ወለል አድርጌ ከፈትኩት። ቆለፍኩ፤ ጠቅ። ከፈትኩ፤ ጠቅ። ሽፋኑን ፈትቼ ሞተሯን አሳየኋቸው፣ ፊውዙን አየሁ፣ አምፖሌን አብርቼ ሽቦዎቹን አንድ በአንድ ነካሁ። ሰው ትንፋሹን ይዞ እጄን ይከተላል። መታየቱ ደስ ብሎኝ ነበር። ይህን ስጽፍ ያሳፍረኛል፤ ግን ደስ ብሎኝ ነበር።

የማኅበሩ ሰብሳቢ ወይዘሮ አስካለ ነጠላቸውን አስተካክለው ጠየቁኝ። "እንግዲህ ልጄ፣ ይህ በር ሰው ሳይነካው የሚከፈትበት መንገድ አለ ወይ?"

"የለም" አልኳቸው።

ጌታነህ ከኋላ ወደ ፊት መጣ። "ጋሼ፣ ያን ዕለት ጠዋት ውርጩ ሣሩን አንጥቶት ነበር። ከዚያ በፊትም አንድ ሁለቴ በብርድ ቀን…"

አላስጨረስኩትም። "ብርድ ቁልፍ አይከፍትም" አልኩት።

ሰው ሳቀ። ሽማግሌዎቹም ፈገግ አሉ። ጌታነህ ሊናገር የከፈተውን አፉን ዘጋ። ከዚያ በኋላ ሲጠይቁት አንድም ቃል አልመለሰም። ዝምታውን ሰው እንደ ጥፋት ቆጠረበት፤ እኔም እንደዚያው ቆጠርኩበት።

ሽማግሌዎቹ ዕቃውን እንዲተካ ፈረዱበት። በሬውን ሸጠ። አቶ ሰይድ እያዘኑ የመኪናውን ቁልፍ ተቀበሉት። ሚስቱን ከጽዋ ማኅበሯ ሴቶች ማንም ቀና ብሎ አላይ አላት። ልጁን ትዕግሥትን ትምህርት ቤት "የሌባ ልጅ" ይሏት ጀመር። ብዙም ሳይቆዩ ቤቱን ዘግተው ወደ ዓለም ከተማ ወረዱ። እኔ ይህን ሁሉ በወሬ ሰማሁ፤ "ያሳዝናል" አልኩና ወደ ሥራዬ ዞርኩ።

ዓመት ካለፈ በኋላ፣ በታኅሣሥ፣ ያው ፒክአፕ በሌላ ሾፌር እየተነዳ ወደ ሱቄ መጣ። የፊት መብራቱ ነበር የታመመው። ሥራው ስላላለቀ መኪናው ግቢዬ አደረ። ጠዋት ፊቴን ልታጠብ ስወጣ ግቢው በውርጭ ነጥቶ ነበር፤ ጆጉ ውስጥ ያለው ውኃ ላዩ ረግቷል። ጎንበስ ብዬ በረዶውን ስሰብር ከኋላዬ "ጠቅ" ሲል ሰማሁ።

ሰው መስሎኝ ዞር አልኩ። ማንም የለም። በመስታወቱ ሳይ የአራቱም በሮች መቆለፊያ ብድግ ብሏል።

ቁልፉን አምጥቼ ቆለፍኩት፤ እጀታውን ሳብኩ፤ ተቆልፏል። ጆጉን ይዤ ቆሜ ጠበቅኩ። ጥቂት ቆይቶ እንደገና "ጠቅ"። ፊቴ በዚያ ውርጭ ነደደ። የማን መኪና እንደሆነ፣ ምን እንዳልኩ፣ ሰው እንዴት እንደሳቀ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ መጣብኝ። ፀሐይ ወጥታ ጣሪያው መሞቅ ሲጀምር ግን መኪናው ዝም አለ። ብቆልፈው ብከፍተው ደህና ሆነ። እኔ ያኔ ያየሁት ይህን ደህናውን ነበር።

ሽቦዎቹ ከመኪናው አካል ወደ በሩ የሚሻገሩት በማጠፊያው በኩል፣ በጎማ ቱቦ ውስጥ ነው። ቱቦውን ከቦታው አላቅቄ አየሁት። ጎማው አርጅቶ ደርቋል፤ አንዷ ሽቦ በብረቱ ጠርዝ ተበልታ መዳቧ ይታያል። ይህች ሽቦ ብረት ስትነካ ለሞተሮቹ "ክፈቱ" የምትል ሽቦ ናት። በብርድ ጎማው ይኮማተርና ሽቦዋን ጠርዙ ላይ ይጫናታል፤ ሲሞቅ ይለቃታል። በሩ ሲከፈትም ከጠርዙ ትርቃለች። እኔ ሞላሌ ላይ በሩን ወለል አድርጌ ከፍቼ፣ በእኩለ ቀን ፀሐይ ነበር የፈተሽኩት። ቱቦውን አልነካሁትም።

የሽቦ መጠቅለያው ናስትሮ እጄ ላይ ነበር። አንድ ዙር ብጠመጥምላት ማንም ሳያውቅ ያልቅ ነበር። እጄም አመንትቷል። መልሼ ኪሴ ከተትኩትና ለአቶ ሰይድ ስልክ ደወልኩ።

በማግሥቱ ጠዋት ሁለታችንም ጋቢ ተከናንበን መኪናው አጠገብ ቆምን። ቆለፍኩት። እጀታውን እሳቸው ራሳቸው ሳቡት። ቆይቶ "ጠቅ" ሲል አቶ ሰይድ ያሉበት ድንጋይ ላይ ቁጭ አሉ።

"ያ አላህ" አሉ። "ልጁን በላነው።"

"እኔ ነኝ የበላሁት" አልኳቸው።

"አንተ ተናገርክ፤ እኔም ሰምቼ ቁልፉን ከእጁ ወሰድኩ" አሉ። በኋላ "ቀድመህ አንተ ሂድ" አሉኝ። "እኔን ሲያይ ያው ቁልፍ ትዝ ይለዋል።"

ዓለም ከተማ ስደርስ ጌታነህን ያገኘሁት መናኸሪያው ውስጥ፣ አውቶቡስ ጣሪያ ላይ ጆንያ ሲጭን ነው። አወቀኝ። ጆንያውን አስሮ ጨርሶ፣ ቀስ ብሎ ወረደ። እጁን አልሰጠኝም፤ ግን አጎንብሶ "ደህና ዋሉ" አለኝ። እኔ አስቀድሜ ያዘጋጀሁት ንግግር ሁሉ ጠፋብኝ።

"ጌታነህ፣ በሩ በራሱ ነው የተከፈተው። በብርድ። አይቼዋለሁ" አልኩት።

እጁ ላይ ያለውን አቧራ ሱሪው ላይ ጠረገ።

"እኔም ይህንኑ ልነግርዎት ነበር" አለ።

"አውቃለሁ። አላስጨረስኩህም። ይቅር በለኝ።"

"እኔን ይተዉት፤ እኔስ ጆንያ ተሸክሜም ውዬ አድራለሁ። ልጄ አንድ ቀን 'አባዬ፣ እውነት ወስደኸዋል?' ብላ ጠየቀችኝ። ምን ብዬ ልመልስላት? ባለሙያው የለም ብሏል። ይምጡና ለሷ ይንገሯት።"

የተከራዩት አንዲት ክፍል ነበር። ሚስቱ በር ላይ ስታየኝ ወደ ውስጥ ተመለሰች። ትዕግሥት አሥራ ሦስት ዓመት ገደማ ትሆናለች፤ ደብተሯን ጭኗ ላይ ዘርግታ ተቀምጣለች። ሽቦውን፣ ጎማውን፣ ብርዱን ሁሉ አስረዳኋት። ለልጅ እንደሚነገር ሳይሆን ለትልቅ ሰው እንደሚነገር። አንገቷን ሳታቀና ሰማችኝ።

"እኔ መጀመሪያ ነው የጠየቅኩት" አለች በመጨረሻ። "በኋላ የሚሉትን አላመንኩም። አባቴ እንዳልወሰደ አውቃለሁ። ለእኔ ምን ይነግሩኛል? ለሞላሌ ሰው ይንገሩ።"

"እነግራለሁ።"

"በገበያ ቀን" አለች። "ያኔ የነበሩት ሁሉ ባሉበት።"

በዚያው ግቢ፣ በገበያ ቀን፣ ሽማግሌዎቹም ሴቶቹም ተሰበሰቡ። ጌታነህ ከሚስቱና ከልጁ ጋር መጥቶ አጥሩ ጥግ ቆመ። የተበላችውን ሽቦ ቆርጬ ይዤ ነበርና ከፍ አድርጌ አሳየኋቸው። መኪናው በብርድ ራሱን እንደሚከፍት፣ አቶ ሰይድም ቆመው እንዳዩ ተናገርኩ። አቶ ሰይድ "እውነት ነው፣ በዓይኔ አይቻለሁ" አሉ።

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ቆጣ ብለው፣ "ታዲያ ያኔ የት ነበርክ? በእጅህ ስትነካካው አልነበረም ወይ?" አሉኝ።

"በሩን ከፍቼ ነው ያየሁት፣ በጠራራ ፀሐይ። ልጁ የብርዱን ነገር ሊነግረኝ ሲል በእናንተ ፊት አሳቅኩበት። ነውሩ የኔ ነው፤ እሱ ንጹሕ ነው።"

ያኔ የሳቁት አሁን ዝም አሉ። ያን ዝምታ ከሳቁ በላይ አልቻልኩትም። ወይዘሮ አስካለ አግዳሚውን ተደግፈው ተነሱ፤ ወደ ጌታነህ ሄደው ጉልበቱን ሊይዙ ሲያጎነብሱ ቶሎ ብሎ ቀና አደረጋቸው። "እማማ ተዉ፣ ተዉ" ይላል። ሚስቱን ሴቶቹ ከበቧት፤ እያለቀሱ ትከሻዋን ይስማሉ፤ እሷ እንደ እንጨት ቆማለች። የወሰደው ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልታወቀም። የበሬውን ምትክ አቶ ሰይድና እኔ ነን የሰጠነው። አቶ ሰይድ የመኪናውን ቁልፍም በሁለት እጃቸው ዘርግተውለት ነበር። "እግዜር ይስጥልኝ፣ አልችልም" ብሎ መለሰላቸው። ከዚያ ወዲህ ዓለም ከተማ አውቶቡስ መንዳት ጀምሯል ሲሉ ሰማሁ፤ ወደ ሞላሌ ግን አልተመለሰም።

ሰው መበተን ሲጀምር ጌታነህ ወደ እኔ መጣ። ዙሪያችን ያሉት ልንተቃቀፍ ነው ብለው ገለል አሉልን። እኔም እጄን ዘረጋሁ።

"ጋሽ ደምሴ" አለኝ፣ ቁጣ በሌለው ድምፅ፣ "ዛሬ ጥሩ ተናገሩ። ያኔም እኮ ጥሩ ነበር የተናገሩት። ሰው ያመነዎት ለዚያ ነው።"

ከዚያ ልጁን በትከሻዋ ይዞ፣ ሚስቱን አስከትሎ፣ ወደ መኪና መሳፈሪያው ሄደ።